የለተብርሃን ቫልቮላ

መጀመሪያ ያየሁት ማዕተቧን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በአስመራው ዋና ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶ ላይ፣ ሰው ሁሉ የክቱን ለብሶ ከዘንባባዎቹ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚልበት ሰዓት። ልጄ ለተብርሃን «እማዬ፣ ትንሽ ልረፍ» አለችና ከአንድ ጫማ ሱቅ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቢጫ ናይለን ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ፣ አሻንጉሊት መስላ ነበር ከቤት የወጣችው። «ተነሺ፣ ቀሚስሽን አታቆሽሺው» ልላት ጎንበስ ስል፣ በጥቁሩ ክር ላይ ያለችው ትንሽ የብር መስቀል ብቻዋን ስትዘል አየሁ። ነፋስ የለም። ልጅቷም አልተንቀሳቀሰችም። መስቀሏ ግን ጨርቅ ውስጥ እንደታፈነች ጫጩት ከደረቷ ላይ ቱግ፣ ቱግ፣ ቱግ ትላለች። ቀና ብዬ ከንፈሯን ሳይ ጥቁር ወይን የበላች መስሏል። ወይን ደግሞ አልበላችም። በዙሪያዬ ሰው ይስቃል፣ ካፌው በር ላይ ሲኒ ይንኳኳል፣ የብስክሌት ደወል ይጮኻል፤ ለእኔ ግን ከዚያች መስቀል ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

ይህን የመሰለ ነገር ከስንት ዘመን በኋላ የሚቀሰቅሰው ምን እንደሆነ አይታወቅም። እኔን የቀሰቀሰኝ ጎሚስታ ነው። አሁን ባሕር ዳር ከወንድሜ ልጅ ጋር ነው የምኖረው፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማልፍበት ጥግ ላይ ብስክሌት የሚጠግን ሰው አለ። ባለፈው ሳምንት ልክ ስደርስ የአንዱን ጎማ ቫልቮላ ነቀለና አየሩ ጭስስስ አለ፤ ከዚያ የማስቲሹ ሽታ መጣ፤ ያ አፍንጫ ውስጥ የሚገባው፣ ትንሽ የሚጣፍጥ፣ ትንሽ ራስ የሚያዞር ሽታ። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። «እማማ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። «ምንም፤ ያንን ነገር ቶሎ ዝጋው ልጄ» አልኩት። ሳቀብኝ። አሮጊት በጎማ አየር ስትደነግጥ ማን አይስቅም?

ባሌ ተወልደ የዚያ ሽታ ባለቤት ነበር። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፤ አስመራ የገባሁት የስልክ መስመር ሠራተኛ የነበረ ወንድሜን ተከትዬ፣ ጓዝ ጠባቂ ሆኜ ነው። ተወልደን ያገኘሁት የወንድሜን ብስክሌት ልናስጠግን በሄድንበት ቀን ነው፤ ወንድሜ ብስክሌቱን ይዞ ተመለሰ፣ እኔ ግን ልቤን እዚያው ጥዬ መጣሁ እያልኩ ስቀልድ እኖራለሁ። ቤታችን ሓዝሓዝ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ አንድ ክፍልና አንድ ማድ ቤት፣ ግቢው ውስጥ የበለስ አጥር። የእሱ ሱቅ ደግሞ ከመንገዱ ጥግ። ሥራውን የተማረው ከአንድ አሮጌ ጣሊያን ነው፤ ቋንቋውንም እንዲሁ። ጣሊያንኛውን ሁሉም ያደንቅለት ነበር፣ እኔም እኮራበት ነበር፤ የእሱ ጣሊያንኛ ግን ከብስክሌት ውጪ መንገድ እንደማያውቅ የገባኝ በኋላ ነው። የቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካኖችም ብስክሌታቸውን እሱ ጋ ያመጡ ነበር፤ አንዱ አሮጌ ራዲዮ ትቶልን ሄደ። ለተብርሃን ከዚያ ራዲዮ ላይ የፈረንጅ ዘፈን ትለቅምና ቃሉን ስለማታውቀው ከራሷ እየፈጠረች ቀኑን ሙሉ ትዘፍን ነበር። ማኪያቶ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ወንዶቹ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሴቶቹ ጥለቱ ሰፊ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጥለው የሚወጡበት ጊዜ ነበር። ጥሩ ዘመን ነበር አልልም። ሰው ስሙ በመዝገብ ሲጻፍ የሚደነግጥበት ዘመን ነበር። ስሙ የተጻፈ ሌሊት ተወስዶ ይቀር ነበርና፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

ከዚያ እሑድ በፊት ምልክቱ ሁሉ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ጉሮሮዋን አሟት ነበር፤ ማር በሎሚ ሰጠኋት፣ ተሻላት። እንጥሏን በሕፃንነቷ አስቆርጬላት ስለነበር የጉሮሮ ነገር ከእንግዲህ አይነካትም ብዬ ነበር የማምነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲተዋት ክርኗ። «ዕድገት ነው» አሉኝ ጎረቤቶች። ዕድገት ከጉልበት ወደ ክርን ሲዘዋወር የት አይቼ ነው? ግን ሰው ደግ ነገር ሲነገረው ማመን ይወዳል።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ወሰድናት። እዚያ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሐኪም ነበር፤ ሁሉም «ፕሮፈሶሬ» ነበር የሚለው። የአገሩ ሰው እየተሰናበተ ሲሄድ እሱ የቀረው ስለ ሥራው ነው ይባላል። የልብ ነገር ነው የሚመረምረው። የልብን በሮችና ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ቧንቧ ያጠናል፤ እነዚያ በሮች በልጅነታቸው የሚበላሹባቸው ሰዎች በደጋው ለምን እንደበዙ ማወቅ ይፈልጋል። ትልቅ መዝገብ ነበረው፤ ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ። የሰማውን የልብ ድምፅ በእርሳስ ይሥለዋል፤ የአንዱ ልጅ ሜዳ፣ የአንዱ ልጅ ተራራ ይመስላል። የምትተረጉምለት ሲስተር አኸበረት የምትባል ነርስ ነበረች፤ አፏ ፈጣን፣ እጇ ለስላሳ።

የእኛ ዕድል ሆኖ ያን ቀን ሲስተር አኸበረትን ለሌላ በሽተኛ ጠሯት። ፕሮፈሶሬው ለተብርሃንን ረጅም ሰዓት አዳመጣት፣ መርፌ አስወጋት፣ ከዚያ ወደ ተወልደ ዞሮ በጣሊያንኛ ይነግረው ጀመር። ተወልደ «ሲ፣ ሲ» ይላል። የማዳመጫውን ጫፍ ጆሮው ላይ አደረገለትና ራሱ እንዲሰማ አደረገው። የባሌ ፊት በራ። የሚያውቀውን ነገር ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

«ገባኝ» አለኝ ስንወጣ። «ቫልቮላ ነው።»

«ምን ቫልቮላ?»

«ልቧ ውስጥ ቫልቮላ አለ። ያፈሳል። በጆሮዬ ሰማሁት እኮ፤ ሹፍ፣ ሹፍ ይላል። ዐሥር ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መርፌው ማስቲሽ ነው። ለጥፎላታል። አሁን ሪፖዞ፣ ዕረፍት። አየር እንዳታባክን። ልጥፍ እስኪደርቅ ድረስ ጎማ አይነፋም፣ አይደል?»

አይደል። ምን እላለሁ? እኔ ያኔ ፊደል እንኳ ያልቆጠርኩ ሴት ነበርኩ፤ ባሌ ጣሊያንኛ ያውቃል፤ ፕሮፈሶሬው ራሱ በጣቱ ደረቷን እያሳየ «ቫልቮላ» ሲል ሰምቻለሁ። ማታ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ሳደርግ እውነትም ሹፍ ይላል። እንግዲህ ልጄ አየር እያፈሰሰች ነው። እንግዲህ መዝፈን አየር ነው። መሳቅ አየር ነው። ማውራት ራሱ አየር ነው። ስለዚህ ከለከልኳት። «ለተዬ፣ እስክትድኚ አፍሽን ዝጊ። ውኃ ስትፈልጊ ጣትሽን፣ ሽንት ቤት ስትፈልጊ እጅሽን አንሺ። አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ፤ እያንዳንዷ ቃል ከዕድሜሽ ነው የምትወጣው።» እንዲህ ነው ያልኳት።

ልጄ ታዛዥ ነበረች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ትንሽ እምቢተኛ ብትሆን ኖሮ እላለሁ። አልጋዋ ላይ ተኝታ ግድግዳውን ታያለች። ራዲዮውን አጠፋሁት፤ ዘፈን ሲመጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበርና። ጎረቤታችን አደይ ጽርሃ ገብታ «ኣንቲ፣ ይህችን ልጅ ልታመነኩሻት ነው እንዴ?» አለችኝ። «ቫልቮላዋ ያፈሳል» አልኳት። «ዋይ! የእኔ ባል እኮ ሠላሳ ዓመት ሲያፈስ አልሞተም» ብላ ሳቀች። ለተብርሃን ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ትራሱን ነከሰች። እኔም አብሬ ልስቅ ብዬ ፈራሁ። ቤታችን ውስጥ የቀረው ድምፅ የሰዓቱና የእሷ ደረት ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ ሁለቱን ስቆጥር ነው የምውለው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው የሚቀጥል እየመሰለኝ።

የትምህርት ቤቷን ሰሌዳ ሰጠኋት፤ እንዳይሰለቻት ብዬ። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ እንጨት የሆነች። በጠመኔ ትጽፋለች፣ ወደ እኔ ታዞራለች። እኔ «ጎበዝ! ትምህርትሽን አትርሺ» እላታለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ጻፈችና አሳየችኝ። «ጎበዝ» አልኳት። አጥፍታ እንደገና ጻፈች። «ጎበዝ፣ ይኸኛው ደግሞ የበለጠ ያምራል።» እንባዋ መጣ። ሰለቻት ብዬ ግንባሯን ሳምኳት፤ ግንባሯ ሞቅ ይላል፤ ብርድ ልብሱን ቀነስኩላት። ለአባቷም አሳየችው፤ ተወልደ ከብስክሌት ላይ ያሉትን የፈረንጅ ፊደሎች እንጂ የእኛን አይለይም። «ውቅብቲ ጽሕፈት፣ ቆንጆ ጽሑፍ» አላትና ሥራው ሄደ። በማግስቱም ጻፈች። በሦስተኛው ቀን መጻፍ ተወች፤ ያው የመጨረሻው ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ከአልጋው ራስጌ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

እኛ ወደ ሆስፒታል አልተመለስንም ነበር። የተለጠፈ ጎማ ለምን ይመለሳል? በየወሩ መርፌ እንዳለ፣ ያ መርፌ የሚጠብቀው ጉሮሮዋን እንደሆነ፣ ፕሮፈሶሬው ለተወልደ በጣሊያንኛ ነግሮታል፤ በብስክሌት ሱቅ ጣሊያንኛ ግን «ጉሮሮ» የሚባል ዕቃ የለም። ወሩ ካለፈ አንድ ሳምንት ሆኖት ነበር።

በዚያው ቀን፣ ለምሳ ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ግራጫ ሰይቸንቶ መኪና ሓዝሓዝ መንገዳችን ላይ ቆመች። በበሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ነጭ ሰው፣ ፊቱን ባርኔጣው ጋርዶት፣ በብብቱ ትልቅ መዝገብ። ከጎረቤት ደጃፍ ቆሞ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠይቃል። አደይ ጽርሃ «እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ የለችም» ስትል ሰማሁ። የልጄ ስም በዚያ መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል? ማን ጻፈው? ለማን ይሰጣል? በሩን በመቀርቀሪያ ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ሲንኳኳ «ልጅ የለኝም!» ብዬ ጮህኩ። ሕያው ልጄን፣ አልጋ ላይ እያየችኝ፣ የለኝም አልኩ።

«ኣደ ለተብርሃን፣ የለተብርሃን እናት» አለ የሴት ድምፅ። «እኔ ነኝ፣ አኸበረት ነርሷ። ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ ሌላ ነገር የለም። ፕሮፈሶሬ በልጅሽ ገጽ ላይ የዚህን ወር መርፌ ቦታ ባዶ አይቶ ነው የመጣው። ክፈቺልን።»

ከፈትኩ። ፕሮፈሶሬው ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሩ ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ብሎ ገባ። ለተብርሃንን ሰላም አላት፤ አልመለሰችም። ስሟን ጠየቃት፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ወደ ሲስተር አኸበረት ዞሮ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አላት። «ዲዳ ናት እንዴ? ያኔ አላወራችም ነበር ወይ? ነው የሚልሽ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አልኩ ኮራ ብዬ። «አንድ ወር ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣትም። አየር እንዳይባክን።»

ሲስተር አኸበረት አልተረጎመችም። ዓይኗ አልጋው ራስጌ ላይ ቀርቷል። «ይህን ማነው የጻፈው?»

«እሷ ናት፤ ትምህርቷን ነው።»

«ኣደ ለተ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «ይህ ትምህርት አይደለም። ‹እማዬ ጉሮሮዬን በጣም አመመኝ› ነው የሚለው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የቀረኝ። ፕሮፈሶሬው የማንኪያ ጀርባ ይዞ አፏን ሲያስከፍት፤ ውስጡ ቀይ ሆኖ ነጭ ነጭ ነገር ተበትኖበት፤ የእሱ ፊት ሲለወጥ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ያችን ሰሌዳ ይዤ ስነግራት፣ «ጎበዝ አልኩሽ፤ ደጋግሜ ጎበዝ አልኩሽ።» ሰይቸንቶዋ ኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር፤ ማዕተቧ እንደገና ይዘላል፣ ከእሑዱም የባሰ፤ እኔ እጄን መስቀሏ ላይ አድርጌ እጫናታለሁ፣ እሷን ብይዝ ልቧ የሚያዝ ይመስል። ያን ኮምቢሽታቶን በመኪና ያለፍኩት ያኔ ብቻ ነው። ዘንባባዎቹን አላየሁም።

ሆስፒታል ስንት ሳምንት እንደቆየን ዛሬ አላውቀውም። ትኩሳቱ ይወርዳል ስንል ይወጣል። እግሯ ያብጣል፤ ትራስ ደራርበን ቁጭ እንዳለች ነበር የምትተኛው። መርፌው በየቀኑ ነው። ሲስተር አኸበረት ለተወልደ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳችው፤ አየር ሳይሆን ደም ነው፤ ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ ኋላ ነው የሚፈሰው፤ መርፌው ደግሞ ልጥፍ ሳይሆን ዘበኛ ነው፤ በየወሩ ካልተተካ ጉሮሮዋ እንደገና ይታመምና በሩን ይበላዋል። ተወልደ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ጣሊያንኛ ሲናገር አልሰማሁትም። አንድ ከሰዓት ፕሮፈሶሬው አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በሲስተር አኸበረት በኩል ጠየቀው።

«ተወልደ፣ ጎማ በአንድ ጎኑ ሲሳሳ ውስጡ ያለው ካላማዳሪያ ምን ይሆናል?»

«ሆድ ያወጣል፣ ፕሮፈሶሬ።»

«ባለቤቱ መንዳቱን ካላቆመስ?»

«ይፈነዳል» አለ ተወልደ።

ፕሮፈሶሬው የራሱን ደረት መታ መታ አደረገ። «እኔ ጋ ያለው እሱ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ። ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ስሰማ የራሴን ሰማሁት። ስለዚህ አትፈር። ቋንቋህ ስሕተት የለበትም፤ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው።»

ባሌን ለማጽናናት ነው ያለው። እኔን ግን ሌላ ፍርሃት ጨመረልኝ። ይህ ሰው ልጄ ሳትድን ቢፈነዳስ? ኮሪደሩ ላይ እርምጃው ሲዘገይ እነሣለሁ። ደረጃ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ስዕለቴን ሁለት አደረግሁት፤ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእሱ። በኋላ፣ እሱ በምፅዋ በኩል አገሩ ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሲስተር አኸበረት እንደፈራው ቧንቧው ፈንድቶ እንደሞተ ነገረችኝ። ለሁለተኛው ስዕለቴ ያን ያህል ጊዜ ተሰጥቶታል፤ አላማርርም።

ለተብርሃን እንድታወራ ከተፈቀደላት በኋላ እንኳ መጀመሪያ አላወራችም። አፏን ትከፍታለች፣ እኔን ታያለች፣ ትዘጋለች። ፕሮፈሶሬው «ፓርላ! ካንታ!» እያለ፣ ተናገሪ ዝፈኚ እያለ ይለምናታል። እሷ ሰሌዳዋን ታነሣለች። ያኔ ነው ሲስተር አኸበረትን «ይህን ነገር አስተምሪኝ» ያልኳት። እሷ ጊዜ ስታጣ ልጄ ራሷ ታስተምረኝ ጀመር፤ በዚያችው ሰሌዳ። ሌላው ሰው በሀሁ ይጀምራል፤ እኔ የጀመርኩት በ«ጉሮሮ» ነው። ጉ። ሮ። ሮ። ሌሊት በሕልሜ አየው ነበር። ከእንግዲህ ይህ ቃል በፊቴ አልፎ አያመልጠኝም ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቷን ላጥባት ስል ሰሌዳዋን አዞረችልኝ። ዓይኗ ውስጥ ተንኮል አለ። ጉሮሮ የሚለውን ፈለግሁ፤ የለም። ተንፈስ አልኩ። ከዚያ ቀስ እያልኩ፣ በጣቴ እየነካሁ፣ «እ... ማ... ዬ... ራ... በ... ኝ።» ትኩሳቱ ከጀመራት ጊዜ አንሥቶ እህል በግድ ነበር የምናጎርሳት። «ራበኝ ነው የሚለው?» ስል ጮህኩ። «እወ፣ አዎ!» አለች በድምፅ። ሁለት ወር ያልወጣ ድምፅ ስለነበር እንደ ዛገ ማጠፊያ ተንጫረረ። ከዚያ ሳቀች። እኔ ፓስታ ፍለጋ እየሮጥኩ ወጥቼ በኮሪደሩ ላይ ከፕሮፈሶሬው ጋር ተጋጨሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ እንኳ ረሳሁ።

ከሆስፒታል የወጣን ቀን ተወልደ ብስክሌቱን ይዞ መጣ፤ እሷን ኮርቻው ላይ አስቀምጦ በእጁ እየገፋ፣ እኔ በጎን እየሄድኩ ሓዝሓዝ ድረስ። መርፌው እስክታገባ ድረስ በየወሩ አልተቋረጠም። ልቧ ዛሬም ሹፍ ይላል፤ አያቴ ብለው የሚጠሯት ልጆች አሏት፤ ስልክ ስትደውልልኝ ወሬዋ አያልቅም፣ እኔም አቋርጫት አላውቅም። ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው በኮምቢሽታቶ ስናልፍ፣ ያች የጫማ ሱቅ ጋ ስንደርስ፣ ያን ቃሉ የማይታወቅ የቃኘው ዘፈን ከራሷ እየፈጠረች መዝፈን መጀመሯን ነው። ተወልደ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዓይኔን ወደ ማዕተቧ ሰደድኩ። መስቀሏ ደረቷ ላይ ተኝታለች። አልዘለለችም። እስከ ቤታችን በር ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት፤ አልዘለለችም። በሩን ከፈትኩ፣ ልጄን አስገባሁ፣ ራዲዮውን አበራሁላት። ደረስን። ልጄ ተርፋለች።